በእጅ አንጓ ወይስ በብሽሽት? ወደ ተዘጋ የልብ ደም ቅዳ የሚወስደው መግቢያ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የምሽት ገለጻ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የምሽቱ ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ እጅግ ጠባብ ነው። የልብ ደም ቅዳ ሲዘጋ ደረት ሳይከፈት፣ በቀጭን ቱቦ አማካይነት መክፈት ከተቻለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቱቦው ግን ከአንድ ቦታ መግባት አለበት። በአብዛኛው ሁለት መግቢያዎች አሉን፤ አንደኛው በብሽሽት በኩል የሚያልፈው የጭን ደም ቅዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት አቅጣጫ የሚገኘው፣ የጤና ባለሙያዎች ትርታ የሚቆጥሩበት ራዲያል የተባለው ደም ቅዳ ነው። ቱቦው ልብ ዘንድ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ሥራ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ስለ መግቢያው ይህን ያህል መነጋገር ምን አስፈለገ? ሰው ቤቱ በፊት ለፊት በር ቢገባ ወይም በጓሮ በር ቢገባ፣ የገባው ያው ቤቱ አይደለምን?

ሙያችንም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ያስብ ነበር። መግቢያው የሐኪሙ ልማድና ምቾት ጉዳይ እንጂ የታካሚውን ሕይወት የሚነካ አይመስልም ነበር። ዛሬ የማስረዳችሁ ይህ አስተሳሰብ በምን ማስረጃ እንደተለወጠ፣ ማስረጃውም የት ላይ እንደሚጠነክርና የት ላይ እንደሚሳሳ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

በመጀመሪያ ስለ ደም ጥቂት እንበል። ልብ ለመላው አካል ደም ያድላል፤ ጡንቻው ራሱ ግን በጓዳው ከሚያልፈው ደም እምብዛም አይጠቀምም። ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ ማለትም አኦርታ፣ ገና ከሥሩ ግራና ቀኝ ቅርንጫፎችን ያወጣል፤ ልብን የሚመግቡት እነዚህ ናቸው፤ ስፋታቸውም ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በግድግዳቸው ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመው ስብ ድንገት ሲሰነጠቅ፣ ሰውነት ቁስል የደረሰበት ይመስለውና በቦታው ደም ያረጋል። የረጋው ደም መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻም መሞት ይጀምራል። በተለምዶ «ሃርት አታክ» የምንለው ይህንኑ ነው። ሐኪሙ በተዘጋው ስፍራ ቀጭን ሽቦ ያሳልፋል፤ በሽቦው ላይ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ ይነፋል፤ ከዚያም ስቴንት የሚባለውን ከብረት መረብ የተሠራ ቱቦ ይተክላል።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። በሽታው የደም መርጋት ስለሆነ ታካሚው አስፒሪን ይሰጠዋል፤ በአስፒሪን ላይ ሌላ የመርጋት መከላከያ እንክብል ይጨመርለታል፤ በደም ሥሩም ሄፓሪን ይገባለታል። ያለ እነዚህ መድኃኒቶች አዲስ የተተከለው ስቴንት ራሱ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በአንድ እጃችን ደሙ እንዳይረጋ እናደርጋለን፤ በሌላው እጃችን ደም በከፍተኛ ግፊት የሚፈስበትን ሥር እንበሳለን። ሥራው አልቆ ቱቦው ሲወጣ፣ የቀረውን ቀዳዳ እንዲደፍንልን የምንጠብቀው እንዳይረጋ ያደረግነውን ያንኑ ደም ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ከዚህ እርስ በርሱ ከሚጋጭ ፍላጎት የሚመነጭ ነው።

ታሪኩ ከክንድ መጀመሩ ይገርማል። በ1929 በበርሊን አቅራቢያ በምትገኘው በኤበርስቫልደ ከተማ፣ ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም በገዛ ክንዱ ደም መልስ ውስጥ ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰና፣ ቱቦውን እንደያዘ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። በጊዜው ያተረፈው ወቀሳ ነበር፤ በ1956 ግን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1958 በአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ሜሰን ሶንስ የልብን ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ ነጥሎ በራጅ ማሳየት ሲጀምርም መግቢያው ክንድ ነበር። ክርን አጠገብ ቆዳውን ቀዶ፣ ደም ቅዳውን በዓይኑ እያየ ነበር የሚሠራው። ይህ ደግሞ የቀዶ ሕክምና እጅ ይጠይቃል፤ ሁሉም የልብ ሐኪም ያንን እጅ አልነበረውም።

መግቢያውን ወደ ብሽሽት ያወረዱት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። ስዊድናዊው ስቨን ኢቫር ሴልዲንገር በ1953፣ ቆዳ ሳይቀደድ ሥሩን በመርፌ ወግቶ፣ በመርፌው ውስጥ ሽቦ አሳልፎ፣ መርፌውን አውጥቶ በሽቦው ላይ ቱቦ ማስገባት እንደሚቻል አሳየ። በ1967 ደግሞ ሜልቪን ጀድኪንስ ከብሽሽት ሲላኩ ወደ ልብ ደም ቅዳዎች አፍ የሚያመሩ፣ አስቀድሞ ቅርጽ የወጣላቸው ካቴተሮችን አስተዋወቀ። ሥራው በአንድ ጊዜ ቀለለ። አንድሪያስ ግሩንትዚግ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 ዙሪክ ውስጥ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባብ የሆነ የልብ ደም ቅዳን በፊኛ ሲያሰፋ የገባው በብሽሽት ነበር። ከዚያ በኋላ ብሽሽት የዓለም ሁሉ ልማድ ሆነ።

ልማዱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የጭን ደም ቅዳ በአዋቂ ሰው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የምናስገባው የተለመደው ካቴተር ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንደ ልብ ያልፋል። ለመውጋትም ሩቅ አይደለም። ከሁሉም በላይ፣ ከበስተኋላው የጭን አጥንት ራስ ስላለ ቱቦው ሲወጣ ሥሩን አጥንቱ ላይ ተጭኖ ደም ማቆም ይቻላል።

ጣጣው ያለው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገሬ ላይ ነው። ሥሩ አጥንት ላይ የሚያርፈው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ብቻ ነው። መርፌው ከዚያ ዝቅ ብሎ ቢወጋ ሥሩ ቅርንጫፍ አውጥቷል፤ ከሥሩም ሊጫኑበት የሚችሉት ጠንካራ ነገር የለም፤ ደሙ በጡንቻዎች መካከል ይቋጠራል፣ ወይም ከቀዳዳው ጋር እንደተገናኘ ሐሰተኛ የደም ከረጢት ይሠራል። ከፍ ብሎ ቢወጋ ደግሞ የባሰ ነው፤ እዚያ ሥሩ ወደ ሆድ ዕቃ ጀርባ ዘልቋል። ደሙ ወደዚያ ሲፈስ ምንም የሚታይ ነገር የለም። ፋሻው ንጹሕ ነው፤ አንሶላው ንጹሕ ነው። ታካሚው ወገቤን አመመኝ ይላል፤ ያልበዋል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ ሊትር በላይ ደም ከሆድ ዕቃው በስተጀርባ ሊጠራቀም ይችላል። በዚህ ክፍል የምትገኙ ተማሪዎች ከዛሬው ገለጻ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ፦ በብሽሽት የታከመ ሰው የወገብ ሕመም ካለው፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ እየደማ ነው ብላችሁ ተነሡ።

አንጓው ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። ራዲያል ደም ቅዳ ቀጭን ነው፤ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነገር ግን ከቆዳ ሥር ወዲያው ይገኛል፤ አጥንት ላይ ተንጋሏል፤ ሲደማ ይታያል፤ በአንድ ጣት ተጭነውት ይቆማል። መዳፋችንም የሚመገበው ከአንድ ምንጭ አይደለም፤ በትንሿ ጣት በኩል አልናር የሚባል ሁለተኛ ደም ቅዳ አለ፤ ሁለቱ መዳፍ ውስጥ በቅስት ይገናኛሉ። ስለዚህ አንዱ ቢዘጋ እንኳ ሌላው እጁን ይመግባል። ታካሚው ሥራው እንዳለቀ ቁጭ ይላል፤ በእግሩ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። በብሽሽት የታከመው ግን እግሩን ዘርግቶ ለሰዓታት በጀርባው ይተኛል። ወገቡን የሚያመው አረጋዊ ወይም ሽንቱን ተኝቶ መሽናት የማይችል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በሐኪሞች ጽሑፍ ላይ ግን እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል።

አንጓን ለዚህ ሥራ ያዋለው በሞንትሪያል የልብ ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሉሲየን ካምፖ ነው፤ በ1989 በ100 ታካሚዎች ላይ በአንጓ የተደረገ የልብ ደም ቅዳ ምርመራን አሳተመ። አምስተርዳም ውስጥ ፈርዲናንድ ኪምነይ በ1992 በዚያው መንገድ ሕክምናውን ራሱን ጀመረ። የኪምነይ ምክንያት ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን ስቴንት የተተከለለት ሰው ብርቱ የደም ማቅጠኛ ይሰጠው ስለነበር ብሽሽት ላይ የሚደማው ብዙ ነበር።

ነገር ግን አዲስ መንገድ መልካም መስሎ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንጓን የሚመርጡ ሐኪሞች ምናልባት ሻል ያለ ጤና ያላቸውን ታካሚዎች እየመረጡ ይሆናል፤ ወይም ራሳቸው ይበልጥ ጥንቁቆች ይሆናሉ። ይህን ጥርጣሬ የሚያስወግደው ታካሚዎችን በዕጣ መመደብ ነው፤ ማን በየት በኩል እንደሚታከም ሐኪሙ ሳይሆን ዕጣው ይወስናል።

የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት በ2011 የታተመውና በካናዳዊው ሐኪም ሳንጂት ጆሊ የተመራው ሪቫል ነው። በ32 አገሮች 7,021 ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል። ውጤቱ ብዙዎችን ግራ አጋባ። ሞትን፣ ዳግም የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና ከፍተኛ መድማትን በአንድነት ሲቆጥሩ በአንጓ 3.7 በመቶ፣ በብሽሽት 4.0 በመቶ ሆነ፤ ይህ ልዩነት አጋጣሚ ከሚያመጣው የሚለይ አይደለም። በአንጻሩ መግቢያው ላይ የሚፈጠር ትልቅ የደም መቋጠር ከ3.0 ወደ 1.2 በመቶ ወርዶ ነበር። የልብ ደም ቅዳቸው ሙሉ በሙሉ በተዘጋባቸው፣ ማለትም በጣም አስቸኳይ በሆኑት ታካሚዎች መካከል ደግሞ በአንጓ የታከሙት ሞት 1.3፣ በብሽሽት የታከሙት 3.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ የንዑስ ቡድን ውጤት ግን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። አንድን ጥናት በበቂ ሁኔታ ከከፋፈሉት የሆነ ቦታ ላይ ደስ የሚል ቁጥር አይጠፋም።

በ2012 ጣሊያን ውስጥ እነዚያኑ በጣም አስቸኳይ ታካሚዎች ብቻ የወሰደ ሪፍል-ስቲክስ የተባለ ጥናት ወጣ፤ ተሳታፊዎቹ 1,001 ነበሩ። በልብ ሕመም የሞቱት በአንጓ 5.2፣ በብሽሽት 9.2 በመቶ ሆኑ። በ2015 ደግሞ ማርኮ ቫልጂሚሊ የመራው ማትሪክስ መጣ፤ 8,404 ታካሚዎች ነበሩበት። በዚህ ጥናት የማንኛውም ዓይነት ሞት በብሽሽት 2.2፣ በአንጓ 1.6 በመቶ ሆነ፤ ከፍተኛ መድማት ደግሞ ከ2.3 ወደ 1.6 በመቶ ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላው። ከ2.2 ወደ 1.6 ማለት ከ1,000 ሰው 6 ሰው ማለት ነው። ትንሽ ነው? የሚታከመውን አንድ ሰው ብቻ ካሰብን አዎን፣ ትንሽ ነው፤ የትኛውም ሐኪም በዕድሜው ሙሉ ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር አይችልም። ለዚህም ነው «እኔ በብሽሽት ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምንም አላየሁም» የሚለው የአንጋፋ ሐኪም ምስክርነት፣ በቅን ልቦና የተነገረ ቢሆንም፣ ጥያቄውን የማይመልሰው። ከሺሕ ስድስት የሚታየው በሺሕ ለሚቆጥር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ይህ ልዩነት የተገኘው በአዲስ መድኃኒት ወይም በውድ መሣሪያ አይደለም፤ መርፌ የሚወጋበትን ቦታ በመለወጥ ብቻ ነው።

አንድ ሰው መግቢያው ላይ ትንሽ ስለደማ እንዴት ሊሞት ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ሁሉም የሚሞተው ደሙ አልቆ አይደለም። ሲደማ ሐኪሙ የመርጋት መከላከያ መድኃኒቶቹን ለማቆም ይገደዳል፤ ያኔ ስቴንቱ ይዘጋል። የተጎዳ ልብ ኦክስጅን በሚሻበት ሰዓት ደም ያንሳል፤ ግፊትም ይወርዳል። ደም መስጠትም የራሱ ችግሮች አሉት። የአልጋ ቆይታ ይረዝማል፤ ከእርሱም ጋር ኢንፌክሽን ይመጣል። ሰንሰለቱ ረጅም ነው፤ መነሻው ግን ቀዳዳዋ ናት።

የሚቃረነውን ማስረጃ አልደብቃችሁም። በ2020 ሳፋሪ-ስቴሚ የተባለ የካናዳ ጥናት 2,292 በጣም አስቸኳይ ታካሚዎችን መድቦ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱትን ቆጠረ፤ በአንጓ 1.5፣ በብሽሽት 1.3 በመቶ። ልዩነት የለም። ጥናቱ የታሰበው ቁጥር ሳይሞላ ስለቆመ የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍም አይደለም። በዚያ ጥናት በብሽሽት የሠሩት ሐኪሞች ሥራውን የተካኑ ነበሩ፤ የማድማት አደጋው ዝቅ ያለ መድኃኒትና የሥር ቀዳዳ መዝጊያ መሣሪያም በብዛት ተጠቅመዋል። እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፦ በብሽሽት የሚሠራ ሰው በሁሉም ነገር የተሟላለትና የሠለጠነ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል። በ2022 ደግሞ የሰባት ጥናቶች 21,600 ተሳታፊዎች መረጃ በየግለሰቡ አንድ ላይ ተተንትኖ ነበር፤ የ30 ቀን ሞት በአንጓ 1.6፣ በብሽሽት 2.1 በመቶ፤ ከፍተኛ መድማት 1.5 እና 2.7 በመቶ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር ከ2015 ጀምሮ፣ የአሜሪካኖቹም በ2021 መመሪያቸው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ለያዘው ሰው አንጓ እንዲቀድም በከፍተኛው የምክር ደረጃ አስፍረዋል። አሜሪካ ዘግይታ ነው የመጣችው፤ በ2007 መጀመሪያ በአንጓ የሚሠራው ሕክምና 1.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2012 ሦስተኛ ሩብ ዓመት 16.1 በመቶ ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ ወደ አገራችን ሁኔታ ስናመጣው የምዘናው ሚዛን ይለወጣል። ሪቫልና ማትሪክስ የተካሄዱት በአብዛኛው ደም በቀላሉ በሚገኝባቸው፣ ሥር የሚጠግን የቀዶ ሐኪም በቅርብ ባለባቸው ሆስፒታሎች ነው። እኛ ዘንድ ደም አንዳንድ ጊዜ የሚገኘው የታካሚው ቤተ ዘመድ ሲለግስ ነው፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ራሱ ሌላ ፈተና ነው። የካቴተር ሕክምና የሚሰጥባቸው ክፍሎች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙትም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፤ ታካሚው ሲሻለው በአውቶቡስ ወደ ክፍለ አገር ይመለሳል። ብሽሽቱ ላይ የተበሳ ሰው ለረጅም ሰዓት ታጥፎ በመቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ መንገድ ላይ ቢደማ የሚይዘው የለም። የሥር መዝጊያ መሣሪያ ከውጭ የሚመጣ፣ ዋጋውም ከብዙዎቻችን አቅም በላይ የሆነ ዕቃ ነው፤ አንጓን ግን የተዘጋጀ ማሰሪያ ቢጠፋ በታጠፈ ጎዝና በፋሻ፣ በጥንቃቄ ከሆነ፣ ማሰር ይቻላል። ስለዚህ እኔ እንደማምነው ሀብታሞቹ አገሮች በአንጓ ከሚያተርፉት ይልቅ እኛ የምናተርፈው ይበልጣል።

ይህን ብዬ የአንጓን እንከኖች ካልነገርኳችሁ ግን ገለጻዬ ማስታወቂያ ይሆናል።

ቀጭን ሥር ሲነካ ይኮማተራል። ተኮማትሮ ካቴተሩን አንቆ ሲይዝ ታካሚው ክንዱን ያመዋል፤ ለዚህ ናይትሮግሊሰሪን ወይም ቬራፓሚል በቱቦው በኩል እንሰጣለን። በአንዳንድ ሰው ክርን አጠገብ ሥሩ ቀለበት ሠርቶ ይገኛል፤ በአንዳንዱም፣ በተለይ በአረጋውያን፣ ከትከሻ ወደ አኦርታ የሚወስደው መንገድ የተጠማዘዘ ነው። በሪቫል በአንጓ ከተጀመረላቸው 7.6 በመቶ የሚሆኑት ወደ ሌላ መግቢያ መዛወር ግድ ሆኖባቸዋል፤ በብሽሽት ከተጀመረላቸው ግን 2.0 በመቶ ብቻ። ደቂቃ በሚቆጠርበት ሕመም ይህ ቀላል አይደለም፤ ሐኪሙ በአንጓ እልህ ተጋብቶ ጊዜ ማባከን የለበትም። ወፍራም መሣሪያ የሚጠይቁ ሥራዎችም አሉ፤ ለምሳሌ የደከመ ልብን የሚያግዙ ፓምፖች በአንጓ አይገቡም።

ሌላው የኩላሊት ሕመምተኛው ነው። ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰው ነገ ዲያሊሲስ ሊያስፈልገው ይችላል። ለዚያም በክንዱ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ይገናኙለታል። ይህም ፊስቱላ ይባላል፤ በሐምሊን ሆስፒታል ከሚታከመው የወሊድ ፊስቱላ ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። ዛሬ አንጓውን በስተን ሥሩን ካበላሸንበት ነገ ለእጥበቱ መንገድ እናሳጣዋለን። ለእንዲህ ያለው ሰው እኔ ወደ ብሽሽት አዘነብላለሁ። ራዲያል ደም ቅዳን ለልብ ቀዶ ሕክምና እንደ መተኪያ ሥር ሊወስዱት ለሚያስቡ የቀዶ ሐኪሞችም እንዲሁ አስቀድሞ መነጋገር ያሻል።

ታካሚዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ግን ይህን ሁሉ አይደለም። «እጄ ሽባ ይሆናል ወይ?» ነው። ሸማኔ ይጠይቀኛል፤ ሾፌር ይጠይቀኛል፤ እንጀራ የምትጋግር እናት ትጠይቀኛለች። ቀኝ እጅ የምንበላበት፣ የምንጨባበጥበት፣ የምንማልበት ነውና ጥያቄው እንደ አላዋቂነት መቆጠር የለበትም። እውነተኛው መልስ ይህ ነው፦ ከሕክምናው በኋላ በጥቂት ሰዎች ራዲያል ደም ቅዳ ይዘጋል። በአብዛኞቹ አልናር ስለሚተካው ባለቤቱ እንኳ አያውቀውም፤ እጅ ሽባ መሆን እጅግ ብርቅ ነው። ቢሆንም የተዘጋ ሥር ለሚቀጥለው ሕክምና መግቢያ አይሆንምና ልንከላከለው ይገባል።

መከላከያውም በእጃችን ነው። በቂ ሄፓሪን መስጠትና ቀጭን ቱቦ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም የሚያንሰው ወጪ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅም ያለው ግን ማሰሪያውን አለማጥበቅ ነው። ልማዳችን ደም እስኪቆም አጥብቆ ማሰር ነበር። አጥብቀን ስናስር ግን በሥሩ ውስጥ የሚያልፈው ደም ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። በ2008 የታተመ በ436 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ማሰሪያው ደም እንዳይፈስ የሚከለክል፣ ነገር ግን ትርታው ከሥሩ እንዲያልፍ የሚተው ሆኖ ሲላላ፣ በ30 ቀን ተዘግቶ የሚገኘው ሥር ከ7.0 ወደ 1.8 በመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህ የነርስ ጣትና የነርስ ትዕግሥት የሚሠራው ሥራ ነው። ነርስ ባልደረቦቼ፣ እዚህ ላይ የታካሚው እጅ በእናንተ እጅ ነው።

ቀድሞ ከሕክምናው በፊት ሁለቱንም ሥሮች ተጭኖ አንዱን በመልቀቅ መዳፍ ሲቀላ የሚታይበት የአለን ምርመራ እንደ ግዴታ ይቆጠር ነበር። ዛሬ ብዙዎች ትተውታል፤ ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ የመለየት አቅሙ ደካማ ሆኖ ስለተገኘ። በአንጓ ፈንታ ዝቅ ብሎ በአውራ ጣት ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ የሚገባበት አዲስ ዘዴም አለ፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ተማሪዎቻችንን የሚመለከት ነው። እኔ ራሴ አብዛኛውን ሥራዬን የምሠራው በአንጓ ነው። ይሁን እንጂ የሞንትሪያል ሐኪሞች በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ የማይጠበቅ ነገር አሳይተዋል፤ አንጓ በሰፊው ከተለመደ በኋላ በብሽሽት የሚታከሙት ላይ የሚደርሰው የሥር ጉዳት ከቀድሞው ዘመን በልጦ ተገኘ። የካምፖ ተቃርኖ ብለውታል። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፦ እጅ ያልለመደውን ሲሠራ ይሳሳታል፤ ወደ ብሽሽት የሚላኩትም አሁን በጣም የታመሙት ናቸው። ልቡ ሊቆም የደረሰ፣ የአንጓው ትርታ የጠፋ ሰው ሌሊት ሲመጣ ያለን መግቢያ ብሽሽት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ሌሊት መርፌ የሚይዘው ወጣት ሐኪም ብሽሽት ወግቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ለሺሕ ታካሚዎች በአንጓ ያተረፍነውን በዚህ ታካሚ ላይ እንከፍለዋለን። ስለዚህ ሠልጣኞቻችን ብሽሽትን አጥንቱን በራጅ እያዩ፣ ሥሩን በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ፣ ችኮላ በሌለበት ቀን፣ አስቸኳይ ባልሆነ ታካሚ ላይ፣ በአሠልጣኝ ፊት እንዲለማመዱ እጠይቃለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ለዚያ ታካሚ ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ፤ የተሻለ መግቢያ እያለው ለሠልጣኝ ትምህርት ሲባል ለምን በብሽሽት ይታከማል? ክርክሩ ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ ታካሚው ምክንያቱ በግልጽ ተነግሮት ሲፈቅድ፣ ሕመሙም ለመድማት የማያጋልጠው ሲሆን ብቻ ይደረግ እላለሁ፤ ፈቃዱን የከለከለም በአንጓው ይታከማል።

ከሆስፒታል ለምትወጡ ወይም ሕመምተኛ ለምታስታምሙ ደግሞ ጥቂት ቃል። በአንጓ የታከመ ሰው ለጥቂት ቀናት በዚያ እጅ ከባድ ነገር አያንሣ። ደም ቢመጣ ቀዳዳውን በጣት አጥብቆ ይጫን፣ እጁን ከፍ ያድርግ፣ ካልቆመም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ፣ ቢደነዝዙ ወይም ክንዱ ቢያብጥና ቢወጠር ነገ እስኪነጋ አይጠብቅ። በብሽሽት የታከመ ሰው ደም ቢመጣው በጀርባው ይተኛ፣ ሌላ ሰው በመዳፉ ክብደቱን ጥሎ ይጫንለት፣ ወዲያው እርዳታ ይጠራ፤ ደም ሳይታይ የወገብ ሕመም፣ ላብና ማዞር ቢመጣበትም እንዲሁ። በሁለቱም ቢሆን ትንሽ ደማሁ ብሎ የስቴንቱን መድኃኒት በራሱ ፈቃድ የሚያቆም ሰው ስቴንቱን ለመዘጋት ያጋልጠዋል፤ መድኃኒቱን የሚያቆመው ሐኪሙ ብቻ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ ድምፅ ማጉያው መካከለኛው መተላለፊያ ላይ አለ፤ በጽሑፍም ብትልኩልኝ አነብበዋለሁ።